ሳያውቁ የዋጡት መድኃኒት፦ የስፖርት እገዳና የፍትሕ ሚዛን

የኳስና የሩጫ ነገር ለሥነ ምግባር ትምህርት የሚበቃ ቁም ነገር አይመስልም ይሆናል። ይሁን እንጂ በቁይና በአካባቢው ካሉ ወጣቶች ጋር ስለ ኃጢአትና ስለ ኃላፊነት ስንማማር ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ ከሜዳ የመጣ ነው። አንድ ድርጊት ከባድ ኃጢአት የሚሆነው ሙሉ ዕውቀትና ሙሉ ፈቃድ ሲኖርበት መሆኑን ካቴኪስቱ አስረድቶ ሳይጨርስ፣ ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ «እንግዲያው ኦናና ለምን ተቀጣ?» ይላል። ይህን ጥያቄ በፈገግታ ማለፍ አይገባም። ልጁ የጠየቀው ስለ ኳስ ቢመስልም፣ ቅጣት ያለ ጥፋት ሊኖር ይችላልን? የሚለውን ጥንታዊ ጥያቄ ነው ያነሣው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ ላስረዳ (ዘመኑ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። የካሜሩኑ ግብ ጠባቂ አንድሬ ኦናና ለሆላንዱ አያክስ ሲጫወት በጥቅምት 2020 በተሰጠ የሽንት ናሙና ፉሮሴማይድ የተባለ መድኃኒት ተገኘበት። ይህ መድኃኒት በእኛም አገር ሐኪሞች ሰውነታቸው ለሚያብጥባቸው ሕመምተኞች የሚያዝዙት፣ ሽንትን የሚያበዛ ነው። ለስፖርተኛ የተከለከለበት ምክንያት ሌላ የተወሰደ ነገር በሽንት ውስጥ እንዳይታይ ሊሸፍን ስለሚችል ነው። ኦናና በታመመ ጊዜ የባለቤቱን ክኒን የራሱ መስሎት መዋጡን ተናገረ፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም የማታለል ሐሳብ እንዳልነበረው ተቀበለ። ይሁንና በየካቲት 2021 የ12 ወር እገዳ ጣለበት፤ በሎዛን የሚገኘው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሰኔ ወደ 9 ወር አወረደለት። እንግዲህ ሐሳቡ ንጹሕ ነው የተባለ ሰው 9 ወር ከሥራው ተባረረ ማለት ነው።

በ1999 የተቋቋመው የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ በአጭር ስሙ ዋዳ፣ ያወጣው ሕግ በአንድ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ ስፖርተኛ ወደ ሰውነቱ ለሚገባው ነገር ሁሉ ራሱ ተጠያቂ ነው። የተከለከለው ነገር በናሙናው ከተገኘ ጥፋቱ ተፈጽሟል፤ ዐውቆ ይሁን ሳያውቅ በዚህ ደረጃ አይጠየቅም። ሐሳቡ የሚመረመረው የእገዳው ዘመን ሲለካ ነው። ለከባዶቹ ቅመሞች መነሻው 4 ዓመት ሲሆን፣ ሆን ብሎ እንዳላደረገው ካስረዳ ወደ 2 ዓመት፣ ቸልተኝነቱ ትንሽ መሆኑን ካሳየ ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ምንም ጥፋት እንደሌለበት ካረጋገጠ እገዳው ጨርሶ ይቀራል። ይህን ሁሉ የማስረዳት ሸክም ግን በከሳሹ ላይ ሳይሆን በስፖርተኛው ላይ ነው። የጥያቄያችን እምብርትም እዚህ ላይ ነው።

ሕጉን ከመንቀፍ በፊት ለማን እንደ ቆመ መመልከት ይገባል። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ በሴቶች 1500 ሜትር ፍጻሜ፣ በዓዲግራት የተወለደችው አበባ አረጋዊ ለኢትዮጵያ ሮጣ 5ኛ ወጣች። ሜዳልያ ሳታገኝ፣ መዝሙር ሳይዘመርላት፣ ሰንደቅ ሳይሰቀልላት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዓመታት በኋላ ከፊቷ ከገቡት አራት ሯጮች የሦስቱ ውጤት በአበረታች ቅመም ምክንያት ተሰረዘ፤ ሁለቱ የቱርክ፣ አንዷ የሩስያ ነበሩ። የሩስያዊቷ ውጤት የተሰረዘው በ2024 ነው። አበባ ከ5ኛ ወደ 2ኛ ደረጃ ከፍ ያለችው እንግዲህ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በዚያች ምሽት በለንደን የተነጠቀችውን ደስታ የሚመልስላት ዳኛ በምድር ላይ የለም። በስፖርት የሚፈጸም ማታለል ሌብነት መሆኑን ለወጣቶች ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም፤ የተሰረቀውም ወርቅና ብር ብቻ አይደለም።

ሕጉ ጥብቅ የሆነበትም ምክንያት ግልጽ ነው። «አላወቅሁም» የሚለው ቃል ብቻ ነጻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ የሚያውቅ አንድም ሰው አይገኝም ነበር። ከዚህም በላይ፣ አንዱ ሲወስድ ሌላው ላለመቅረት ይገደዳል፤ ከደጋ መንደር ወጥቶ በሩጫ ቤተሰቡን ከድህነት ለማውጣት የሚጥር ወጣት ደሙን በሚያወፍር መርፌ ሕይወቱን ለአደጋ እንዲያጋልጥ በጓደኞቹ ፍጥነት ይገፋል። አገራችንም ከዚህ ነጻ አይደለችም። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2016 ጥብቅ ክትትል ያስፈልጋቸዋል ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ብሔራዊ ተቋማችንም ሥራ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላም ስመ ጥር ሯጮቻችን በእውነተኛና በከባድ ጥፋት ታግደዋል፤ በ2024 በ3000 ሜትር መሰናክል ሯጯ በዘርፌ ወንድማገኝ ላይ የተወሰነው የ5 ዓመት እገዳ ለዚህ ይጠቀሳል። ይህን የማነሣው የወደቀን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ሕጉ የነጮች ሤራ ብቻ ነው የሚለው ንግግር በወጣቶቻችን ዘንድ እየተለመደ ስለ መጣ ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንግባ። ለገበሬ ምእመናን ነገሩ ከሚገመተው በላይ ቅርብ ነው። የአንድ ሰው በሬ ሌሊት በረቱን ሰብሮ ከጎረቤት የጤፍ ማሳ ቢገባ፣ ባለቤቱ ተኝቶ እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌዎች ግን ጉዳቱን ገምተው ካሳ ያስከፍሉታል፤ እርሱም አያጉረመርምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ ባለቤቱን ለጉዳቱ ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ ግፍ አይደለም፤ ጤፉ ተበልቷልና አንድ ሰው ሊሸከመው ይገባል፤ ከባለ ማሳው ይልቅ ባለ በሬው ቢሸከመው የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ካሳ ከፈለ ተብሎ ባለ በሬውን ሌባ የሚለው፣ ከዕድር የሚያስወጣው፣ በሬዎቹን ለአራት ዓመት እንዳይጠምድ የሚከለክለው የለም።

በስፖርት ሕግ ውስጥም እነዚህ ሁለት ነገሮች ተለይተው ሊታዩ ይገባል። በተከለከለ ነገር ታግዞ የተገኘ ውጤት ሲሰረዝ፣ ስፖርተኛው ሳያውቅም ቢሆን፣ ይህ ካሳ ነው፤ ተወዳዳሪው በማይገባ ብልጫ ተቀድሟልና ቦታው ይመለስለታል። በዚህ ላይ የሚነሣ የሕሊና ተቃውሞ አይታየኝም። እገዳ ግን ሌላ ነው። እገዳ ለማንም የሚመልሰው ነገር የለም፤ የሰውየውን እንጀራና ስም የሚነካ ቅጣት ነው። ቅጣት ደግሞ ጥፋትን ይጠይቃል። የስፖርት ባለ ሥልጣናት አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልለው «የሜዳውን ንጽሕና ለመጠበቅ» ሲሉ፣ የካሳውን ምክንያት ለቅጣቱ እያዋሱት ነው።

ይሁንና ነገሩ በዚህ አይቆምም፤ ቅዱሳት መጻሕፍት እዚህ ላይ ያስቸግሩናል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ወደ ዱር የሄደ ሰው ተጠቅሷል፤ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድላል። ይህ ሰው ጥላቻ ስላልነበረው ሞት አይገባውም፤ ወደ መማጸኛ ከተማ ይሸሻል። ነገር ግን ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 እንደሚያዝዘው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያች ከተማ ሊወጣ አይችልም። ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ከርስቱና ከወገኑ ተለይቶ ይቀመጣል። እግዚአብሔር ለሕዝቡ በሰጠው ሥርዓት ውስጥ ሳይበድል ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ ማለት ነው። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም ቅጣት እንደ ቅጣት ሲታይ ለበደል ብቻ የሚገባ መሆኑን፣ ነገር ግን እንደ መድኃኒት ሲታይ በጊዜያዊ ነገሮች ያለ በደል እንኳ፣ ያለ ምክንያት ግን ፈጽሞ ሳይሆን፣ ሊደርስ እንደሚችል አስተምሯል። ስለዚህ «ሐሳብ ከሌለ ምንም ዓይነት ሸክም የለም» ብሎ ለወጣቶች መንገር ትክክል አይሆንም። ሆኖም የመማጸኛውን ከተማ ነገር በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሌላም ነገር ያያል፤ ከተማው ሰውየውን ከደም ተበቃይ የሚጠብቅ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ መንገዱም እንዲዘጋጅ፣ ርቀቱም እንዲለካ ታዟል፤ ሰው ሁሉ በእኩል እንዲደርስበት ነው። በዘመናችን የስፖርት ሕግ ውስጥ የጎደለኝ ይህ የተዘጋጀው መንገድ ነው።

የማስረዳትን ሸክም ነገር ስናነሣም ለራሳችን ሐቀኞች እንሁን። በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ እኛም የግእዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን የምንገዛበት፣ በቀኖና 1414 ቅጣት የሚገባው ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሕግ ለጣሰ ሰው ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን በዚያው ቀኖና ሁለተኛ ክፍል ሕጉ በውጭ በሚታይ ድርጊት ከተጣሰ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ሆን ተብሎ እንደ ተፈጸመ ይገመታል ይላል። እንግዲህ ዋዳን «ስፖርተኛው ራሱ ያስረዳ ማለትህ ግፍ ነው» ብለን ለመክሰስ አንደበታችን ነጻ አይደለም። ግምቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ተከሳሹ ሊያፈርሰው የማይችል ሲሆን ነው። የሕገ ቀኖናው ዳኛ ተከሳሹን ያውቀዋል፣ ጠበቃ ያቆምለታል፣ በቋንቋው ይሰማዋል፤ ግምቱ የሚፈርስበት በር በአጠገቡ ነው።

ከተራራማው አገራችን የወጣውን ሯጭ ግን እስቲ አስቡት። ጉንፋን ይዞት ከገጠር መድኃኒት ቤት ሽሮፕ ገዛ፤ ደረሰኝ አልተቀበለም፤ ጠርሙሱን ጣለ። ሦስት ወር ቆይቶ በማያነብበው ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰው። ነጻ ለመውጣት ቅመሙ ከየት እንደ ገባ ማሳየት አለበት፤ ይህም ማለት ጠርሙሱን ማቅረብ፣ ቤተ ሙከራ መክፈል፣ የኬሚስትሪ ሊቅ ማስመስከር፣ ካስፈለገም እስከ ሎዛን መሟገት ነው። የፈረንሳዩ አማካይ ፖል ፖግባ በየካቲት 2024 በጣልያን 4 ዓመት ታግዶ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት በሎዛን ወደ 18 ወር የወረደለት፣ ሆን ብሎ እንዳላደረገው በጠበቆችና በማስረጃ ስላስረዳ ነው። አላግባብ ቀለለለት አልልም፤ ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። የምለው፣ ያው እውነት በደሃው ሯጭ አፍ ቢነገር ኖሮ 4 ዓመት ሆኖ ይቀር ነበር ነው። በሎዛኑ ፍርድ ቤት ለችግረኞች የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ገንዘብ መኖሩን አውቃለሁ፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን መኖሩን የሚያውቅ፣ ማመልከቻውንም በጊዜው የሚጽፍ ሰው ሊኖር ያስፈልጋል። ለእግር ኳስ ተጫዋች ክለቡ ይህን ያደርግለታል፤ ለሯጩ ብዙውን ጊዜ ያለው ወኪሉ ነው፤ ወኪል ደግሞ የታገደ ሯጭ ምን ይጠቅመዋል?

ከፍርዱ በፊት የሚጣለው ጊዜያዊ እገዳም የራሱ አስቸጋሪነት አለው። ከላይ የጠቀስናት አበባ አረጋዊ፣ በ2013 በሞስኮ ለስዊድን ሮጣ የዓለም ሻምፒዮና የሆነችው፣ በ2016 መጀመሪያ ሜልዶኒየም በተባለ መድኃኒት ታገደች። ይህ መድኃኒት ከተከለከሉት መዝገብ የገባው በዚያው ዓመት ጥር 1 ቀን ነበር፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ግን በበቂ አልተጠናም ነበር። ስለዚህ ከክልከላው በፊት የወሰደችው ይሁን በኋላ ለማወቅ ስላልተቻለ በሐምሌ እገዳው ተነሣ። በነሐሴ በሪዮ ኦሎምፒክ ግን አልሮጠችም። በሌሎች ማታለል በለንደን ሜዳልያዋን ያጣች ይህች ሴት፣ አሁን ደግሞ በሕጉ አለመብሰል ግማሽ ዓመት አጣች። ሁለቱንም ጉዳት በአንድ ሰው ላይ ማየት የዚህን ጥያቄ ክብደት ያሳያል፤ ሕጉ ሲላላ የተጎዳችውና ሕጉ ሲቸኩል የተጎዳችው አንዲት ናት። ፈረንሳዊው ተከላካይ ማማዱ ሳኮም በዚያው ዓመት ለሊቨርፑል ሲጫወት በስብ ማቅለጫ ክኒን ምክንያት በጊዜያዊነት ታግዶ፣ የአውሮፓ ሊግ ፍጻሜ አመለጠው፤ በአገሩ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫም አልተሰለፈም። ከዚያ ቅመሙ በክልከላ መዝገቡ በግልጽ አለመጠቀሱ ታውቆ ክሱ ተዘጋ፤ ዋዳም በ2020 ይቅርታ ጠየቀው። ይቅርታው መልካም ነው፤ ፍጻሜ ጨዋታው ግን ዳግመኛ አይደረግም። ጥርጣሬ ያለበትን ሰው ፍርድ እስኪሰጥ ማቆየት አስተዋይነት ሊሆን ይችላል። ስሙን በአደባባይ አውጥቶ፣ መዝገቡም ራሱ አጠራጣሪ ሆኖ ሳለ ማቆየት ግን ከፍርድ በፊት የሚፈጸም ቅጣት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምናልባት ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከት። የጫት ንጥረ ነገር የሆነው ካቲን በክልከላ መዝገቡ አለ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ተጫዋቹ ይከሰሳል። ክልከላው ለውድድር ቀን ሲሆን የሚጀምረውም ከዋዜማው ሌሊት 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር አብዝቶ የቃመ ተጫዋች ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ኮኬይን፣ ሄሮይን፣ ኤክስታሲና ሐሺሽ ከውድድር ውጭ ለመዝናናት ከተወሰዱ እገዳቸው 3 ወር ብቻ እንዲሆን፣ ሕክምና ለሚከታተልም ወደ 1 ወር እንዲወርድ አዝዟል። ጫት ከዚያ ልዩ ምሕረት ውስጥ አልተካተተም፤ እስከ 2 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። ጫትን ለማመስገን አይደለም፤ በወጣቱ ላይ ያደረሰውን ጉዳት በየቤቱ እናያለን። ነገር ግን የለንደንና የፓሪስ ድግስ ደካማነት ታውቆ ምሕረት ሲደረግለት፣ የእኛ መደብ ላይ ያለው ደካማነት ሳይታወቅ መቅረቱ፣ መዝገቡን የጻፉት ሰዎች የማንን ኑሮ እንደሚያውቁ ይናገራል። የፔሩ አምበል ፓውሎ ጌሬሮም በ2017 የአገሩን የኮካ ቅጠል ሻይ ጠጥቶ ተይዟል፤ እገዳው ከ12 ወር ወደ 6፣ ከዚያም በሎዛን ወደ 14 ወር ተቀያየረ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው የ2018 የዓለም ዋንጫ ሊያመልጠው ሲል የፈረንሳይ፣ የዴንማርክና የአውስትራልያ አምበሎች፣ ማለትም በምድቡ ሊገጥሙት የነበሩት ሁሉ፣ እንዲጫወት ለፊፋ ጻፉለት። በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ትእዛዝም ተጫወተ፤ በአውስትራልያም ላይ ግብ አገባ፤ ከዚያ ቀሪውን ቅጣት ተቀበለ። ሕጉ እጠብቃችኋለሁ የሚላቸው ተቀናቃኞች ራሳቸው እንዲህ ያለ ጥበቃ አንፈልግም ሲሉ፣ ሕግ አውጪው ቢያዳምጥ አይጎዳም።

እንግዲህ ካቴኪስቱ ለዚያ ወጣት ምን ይመልስለት? ኦናና በእግዚአብሔር ፊት በማታለል አልበደለም፤ የሌላውን ሰው መድኃኒት ሳያይ መዋጡ ግን ዐዋቂና ባለ ሙያ ሰው ሊጠነቀቀው የሚገባ ቸልተኝነት ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ያላሠረ ሰው፣ ካልተነገረው ይልቅ ይጠየቃል። ኦናና ተነግሮት ነበር፤ በየዓመቱ ይማራሉና። ስለሆነም የተወሰነ ቅጣት ይገባው ነበር፤ 9 ወር መሆን ነበረበት ወይ ለሚለው፣ ለእኔ በዝቶብኛል። የተነገረው ሰውና ያልተነገረው ሰው ግን በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም፤ በገጠር ለሚሮጠው ልጃችን ማን ነገረው? ብሔራዊው ተቋም በማሠልጠኛ ማእከላት ያስተምራል፤ ማእከል ያልገባው ግን ብዙ ነው። በየቁምስናችን ሩጫ የሚሞክሩ ልጆች ካሉ፣ መድኃኒት ሲገዙ ስፖርተኛ መሆናቸውን ለባለ ሙያው እንዲናገሩ፣ ማሸጊያውንና ደረሰኙን እንዲያስቀምጡ፣ ከማያውቁት ሰው «ቫይታሚን ነው» የተባለ መርፌ እንዳይቀበሉ ካቴኪስቱ ሊነግራቸው ይችላል። ይህ ከትምህርተ ክርስቶስ ውጭ አይደለም፤ የዕውቀትን ጉድለት የሚያስወግድ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ታግደው ወደ መንደራቸው ስለሚመለሱት ከአንዳንድ ካቴኪስቶች የቀረበ ጥያቄ አለ። ሕጉ የታገደ ስፖርተኛ በፌዴሬሽን ሥር ባለ ክለብ ውስጥ በማንኛውም ኃላፊነት እንዳይሳተፍ ይከለክላል፤ ከቡድኑ ጋር ልምምድ እንኳ የሚፈቀድለት እገዳው ሊያበቃ 2 ወር ወይም የዘመኑ ሩብ ሲቀረው፣ ከሁለቱ አጭሩ ነው። ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ከሰው ይሸሻሉ፤ ጥፋተኛውም ንጹሑም እኩል ያፍራል። የቁምስና ልጆች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚጫወቱት ኳስ ግን በፌዴሬሽን ሥር አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወጣት መጥቶ ልጆቹን ላሠልጥን ቢል በስፖርት ሕጉ የሚከለክለው የለም። የሚጠይቀው ካለ ቆሞሱ ነው፤ እርሱም በሌላው አገልጋይ ላይ ከሚጠይቀው የበለጠ ሊጠይቀው አይገባም።